መጻሕፍት ያሰሩት ሰው

ጥሩሰው በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ የዝውውር ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። ፍቼ አስተምሮ አመለከተ፤ አሰላ ደርሶ አመለከተ፤ ጎባም ሆነ ጅጅጋ ዕቃው ገና ሳይፈታ ስለ ቀጣዩ ከተማ መጠየቅ ጀመረ። የሳይንስ መምህር ነው። በሥራው ማንም ከሶት አያውቅም። ብቻ አንድ ቦታ መቀመጥ አይችልም። ምሳውን ቆሞ ይበላል፤ ጋዜጣ ሲያነብ ክፍሉ ውስጥ ይንጎራደዳል፤ ሰው ሊጠይቅ ሄዶ ሻይ እስኪቀርብለት ድረስ ደጋግሞ እየተነሳ በመስኮት ያያል።

ሚስቱን የሺመቤትን ያገባት አሰላ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከእሱ ጋር ስትዞር ኖራለች። በደረሱበት ከተማ ደንበኛ ታፈራለች፤ ደንበኞቿ ስሟን በለመዱ ማግሥት ደግሞ መኪናዋን መልሳ ትጠቀልላለች። ድሬዳዋ የገቡት በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ለገሃር ባቡር ጣቢያው አጠገብ ከመኪና ወርደው ጋሪ ሲሳፈሩ ጥሩሰው ላቡን እየጠረገ፣

«አንድ ዓመት ብቻ ነው። ከዚህ ሙቀት አወጣሻለሁ» አላት።

እሷ የፈረንጆቹን ሰፈር፣ የከዚራን ቀጥ ያለ መንገድና የዛፎቹን ጥላ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጡትን የፈረንጅ ሴቶች ቀሚስ እያየች ነበር።

የተከራዩት ቤት ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ሰማታር በሚባል ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነው። ሰማታር በባቡር ጅቡቲ እየተመላለሰ ጨርቅና ሽቶ የሚያመጣ፣ ሽርጡን ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ አድርጎ የሚታጠቅ ረጅም ሰው ነው። ተከራዩን በመጀመሪያው ቀን «ዋሪያ መምህር፣ አንተ ከየት ነህ?» ብሎ ተቀበለው። ጥሩሰው በሄደበት ሁሉ «እርስዎ» መባል ለምዶ ነበርና ፊቱ ጠቆረ። በኋላ ግን ሰማታር የባቡር ጣቢያውን ሹምም፣ የመስጊዱን ሼህም፣ የገዛ አባቱንም «አንተ» እንደሚል ሲሰማ ነገሩን ተወው።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ አንድ ነገር ሆነ። ሃዎ የምትባል እንጨት ሻጭ በየሳምንቱ በግመል ጭና ወደ ግቢው ትመጣለች። አንድ ቀን ካራገፈችው እንጨት መካከል አንድ አጭር ጉማጅ ነበረበት። የሺመቤት ፍለጥልኝ አለችው። ጥሩሰው መጥረቢያውን አንስቶ ሲመታው ብረቱ ነጥሮ ተመለሰ፤ የእሳት ፍንጣሪም ወጣ። ደግሞ መታው። ከዚያ መጥረቢያውን ጥሎ ተንበረከከ። ቅርፊቱ የእንጨት ቅርፊት ነው። ጫፉ ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀመጡት ክቦች የእንጨት ናቸው። ቅርንጫፍ የተገነጠለበት ዓይን እንኳ አለው። ግን ድንጋይ ነው።

«ሃዎ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«እንጨት መስሎኝ ነዋ» አለች ሃዎ። «አሸዋው ውስጥ ሞልቷል። ተወው፣ አይነድም። በሱ ፈንታ ሌላ እሰጣችኋለሁ።»

ሌላ አልፈለገም። ቅዳሜ ማለዳ ከሃዎ ጋር ወደ ቦታው ወረደ። ከመልካ ጀብዱ ወዲያ ባለ ደረቅ የወንዝ መውረጃ ነው። ማታ እሱ ሳይመለስ ሃዎ ቀድማ መጣችና የሺመቤትን ወደ ጎን ጠራቻት።

«ባልሽ ታሟል እንዴ?» አለቻት።

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። አሸዋው ላይ ትልልቅ ግንድ ወድቋል፣ ያው ድንጋይ የሆነ። እሱ ሥር ተቀመጠ። እኔ እንጨቴን ለቅሜ፣ ጭኜ፣ ግመሎቼን አጠጥቼ ስመለስ እዚያው ነው። ጸሐይ ዞራበታለች፣ አልተነሳም።»

የሺመቤት መቀሷን አስቀመጠች። ባሏ ግማሽ ቀን አንድ ቦታ ተቀምጦ ዋለ ሲባል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሩሰውን አንድ ጥያቄ ያዘው፦ የምን ዛፍ ነው? የትምህርት ቤቱ የሳይንስ መጽሐፍ ድንጋይ ስለሆኑ ዕፅዋት ከአንድ አንቀጽ የበለጠ አይናገርም። ባልደረቦቹን ጠየቀ፤ አንዱ ከጥፋት ውኃ የተረፈ ነው አለው፣ ሌላው ሳቀበት። ማታ ማታ ደቻቱ ዳር ወዲያ ወዲህ እያለ ለብቻው ያወራል። ወደ ቤት ሲገባ ያንን ጉማጅ አንስቶ ወደ መስኮቱ ይወስደዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እንደገና ያነሳዋል።

የሺመቤት በዚያን ጊዜ ከዚራ ለምትኖር አንዲት ፈረንሳዊት የመንገድ ልብስ ትሰፋ ነበር። ማዳም ኦርታንስ ትባላለች። ባሏ በሕይወት ሳለ የባቡር መሐንዲስ ነበር፤ ትርፍ ጊዜውን ሁሉ ተክል ሲሰበስብ ያሳለፈ ሰው ነው። እሱ ሲሞት እሷ ጓዟን ጠቅልላ ወደ አገሯ ልትመለስ ነው። የሺመቤት ቀሚሱን ልትለካላት ስትሄድ በኋለኛው በረንዳ ላይ የመጻሕፍት ክምር አየች። ምግብ አብሳዩ ለባለ ሱቅ መጠቅለያ ሊሰጠው ያወጣው ነበር። ከላይ ያለውን ገለጥ አደረገች። ድንጋይ ላይ የታተመ ቅጠል ሥዕል ነበረበት።

«ማዳም፣ የስፌቴን ዋጋ በዚህ ይክፈሉኝ» አለች።

ማዳም ኦርታንስ የባሏ ዕቃ ለቅመማ ቅመም መጠቅለያ ከመሆን በመትረፉ አለቀሰች። የስፌቱንም ከፈለች፣ መጻሕፍቱንም ሰጠች። ጋሪው ግቢ ሲደርስ ጥሩሰው ከትምህርት ቤት ተመልሶ በር ላይ ቆሞ ነበር። መጻሕፍቱን ከጋሪው ላይ ሲያወርድ እያንዳንዱን ይገልጥ ነበር።

ችግሩ ፈረንሳይኛ አለማወቁ ነው። እንግሊዝኛ ያነባል እንጂ ፈረንሳይኛው ከሰላምታ አያልፍም። ሰማታር ግን ጅቡቲ ተወልዶ ያደገ ያህል ይናገረዋል፤ ማንበብ ብቻ አይችልም። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ሁለቱ ግቢው ውስጥ ይቀመጣሉ። ጥሩሰው ፊደሉን እየቆጠረ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሰማታር ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

«ጥላ ያለበት ቦታ... ውኃ... ይበቅላል» ይላል ሰማታር። ከዚያ ይቆማል። «ይሄን ቃል አላውቀውም። መምህር፣ ይሄ የጅቡቲ ፈረንሳይኛ አይደለም።»

ቃሉ አበባ የማያወጣው፣ በወንዝ ዳር ጥላ ሥር የሚያድገው ፈርን የሚባለው ተክል ነበር። ሰማታር በሚቀጥለው ጉዞው መዝገበ ቃላት ይዞ መጣ።

በዚህ ዓይነት የጥሩሰው ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። እያንዳንዱ መጽሐፍ መጨረሻው ላይ የሌሎች መጻሕፍት ስም ተደርድሮበታል። አንዱን ጨርሶ ዕረፍት የሚያገኝ እየመሰለው የኋላውን ገጽ ሲገልጥ ያላያቸው ብዙዎች ይጠብቁታል። የድንጋይ ከሰል ከሆኑት ደኖች ወደ ጥድ ዘመዶች፣ ከጥድ ዘመዶች ወደ ዛሬዎቹ ዛፎች እንጨት አሠራር፣ ከዚያ ወደ ቅጠል ደም ሥር አዘረጋግ እየተገፋ ሄደ። አዲስ አበባ ላሉ መጽሐፍ ሻጮች ጻፈ፤ ሰማታርን ጅቡቲ ወደብ ከመርከበኞች እንዲጠይቅለት ለመነው፤ ዓደን ወደብ ዘመድ ያለውን ሁሉ አስቸገረ። ዕቃ ያመጣል የተባለ ባቡር በሚገባበት ቀን ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ጠመኔው እጁ ላይ ይሰበራል። ደወሉ ሲደወል ከተማሪዎቹ ቀድሞ ይወጣል።

ሰኔ ገባ፤ ማመልከቻ አልጻፈም። የሺመቤት እንዳታስታውሰው ፈርታ የቀለም ብልቃጡን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ከጨርቆቿ ሥር ሸሸገችው። ሐምሌም ገባ። ስለ ሌላ ከተማ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የሺመቤት ነገሩ ገባት። ሁለት ሻንጣ ያለው ሰው ሰኔ ላይ ተነስቶ ይሄዳል። ግድግዳ ሙሉ መጽሐፍ ያለው ሰው ግን ከመነሳቱ በፊት ያስባል። እሷ ደግሞ ከድሬዳዋ መነሳት አልፈለገችም። ከከዚራ የፈረንጅና የአርመን ሴቶች ይመጡላታል፤ ከአሮጌው ሰፈር ከመጋላ የሐረሪና የሶማሊ ሙሽሮች ይመጡላታል። ቀፊራ ገበያ ስትወርድ ሻጮቹ በስሟ ይጠሯታል፣ በሦስት ቋንቋ ይቀልዱባታል። መሪያም የምትባል ልጅ እግር ሴት ቀጥራ አብረው ይሰፋሉ። ስለዚህ ከተማውን ለቅቆ የሚሄድ ሰው ባለ ቁጥር ከባሏ ቀድማ የምትሰማው እሷ ሆነች። ለቅቆ የሚሄድ ሰው የመንገድ ልብስ ያሰፋል። ልክ ስትወስድ፣ እግረ መንገዷን፣

«ስለ ዕፅዋት የሚናገር መጽሐፍ የለዎትም?» ብላ ትጠይቃለች።

አንዳንዱ ስለ ጽጌረዳ አተካከል የሚያወራ ቀጭን መጽሐፍ ይሰጣታል። አንዳንዱ ግን የማይታሰብ ነገር ያወጣል። አንድ ግሪካዊ መድኃኒት ሻጭ ከሱቁ ጀርባ ያስቀመጠውን፣ ሥዕሎች ያሉበትን ከባድ ቅጽ በልጁ የጥምቀት ቀሚስ ለወጠላት። ጥሩሰው በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደውም።

ክፍሉ ሞላ። ሰማታር ከሳጥን ጣውላ መደርደሪያ አስቸነከረለት። ጥሩሰው መጻሕፍቱን በምድር ዕድሜ ልደርድር አለ፦ ጥንታውያኑ ዕፅዋት ታች፣ ፈርኖቹ ከነሱ በላይ፣ ጥዶቹ ከዚያ በላይ፣ አበባ የሚያወጡት ጣራው ሥር። ሐሳቡ አስደስቶት አንድ ወር ሙሉ እንግዳ የመጣን ሁሉ እጁን ይዞ ከታች ወደ ላይ ያስጎበኝ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ከታችኛው መደርደሪያ አንዱን ሲስብ ጀርባው ብቻ እጁ ላይ ቀረ። ውስጡን ምስጥ በልቶት አፈር ሆኗል።

ሰማታር መጥቶ አየ። «ምስጡም ከታች ጀምሮ ዕድሜ እየቆጠረ ነው» አለ።

ጥሩሰው አልሳቀም። ሁሉንም አወረደ፣ የመደርደሪያውን እግሮች ላምባ በተሞላ ጣሳ ውስጥ አቆመ፣ በየገጹ መካከል ነፍሳት የሚሸሹትን የኒም ቅጠል ከተተ። ሲጨርስ አደራደሩ አላስደሰተውምና እንደገና አወረደው። የሺመቤት በዚህ ጊዜ ከሥዕል መጽሐፎቹ አንዱን ወስዳ በቀጭን ወረቀት ላይ የፈርኑን ቅጠል ቀድታ፣ በሙሽራ ሻሽ ጠርዝ ላይ በብር ክር ጠለፈችው። ሻሹን ያሠራችው ሑዳ የምትባል የመጋላ ሙሽራ ነበረች። ከሷ ሰርግ በኋላ ሁሉም «የሑዳን ቅጠል» ማለት ጀመረ። ጥሩሰው ያ ቅጠል ከምድር ገጽ ከጠፋ ስንት ዘመን እንደሆነው ለሙሽሮቹ ሊያስረዳ ሲሞክር የሺመቤት በዓይኗ ታስቆመዋለች።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ሰው ሲያየው የረጋ ይመስላል። ቤት ውስጥ ግን የሺመቤት ታውቀዋለች። መጽሐፍ እስኪደርስ ዕረፍት የለውም፤ ሲደርስ ሁለት ቀን ያህል አጎንብሶበት ይቀመጣል፤ ከዚያ እግሩ ይንቀሳቀሳል። ያ የመጀመሪያው ጥያቄም አልተመለሰም። የያዛቸው መጻሕፍት ሁሉ ስለ ሌላ አገር ድንጋይ ነው የሚናገሩት። እንጨቱን ለይቶ ለማወቅ ደግሞ ድንጋዩን እንደ ወረቀት አሳስቶ በማጉያ መሣሪያ ማየት ያስፈልጋል ይላሉ። ድሬዳዋ ውስጥ ድንጋይን እንደ ወረቀት የሚያሳሳ የለም።

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ከአዲስ አበባ ለሥራ መጣ። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሰምቶ ኖሮ ጥሩሰውን ፈልጎ ቤቱ ድረስ ሄደ። ኮቱን አውልቆ መደርደሪያው ፊት ቆመ፤ አንዱን ያወጣል፣ ያያል፣ ይመልሳል። ጥሩሰው ከኋላው እንደ ተማሪ ቆሟል። ዶክተሩ በመጨረሻ ዞር ብሎ፣

«አቶ ጥሩሰው፣ እኛ ዘንድ ሰው እንፈልጋለን» አለው። «ከጎናችን ባለ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ፤ በቀረው ጊዜ ከእኛ ጋር የዕፅዋቱን ክፍል ያደራጃሉ። ዝውውሩን እኔ እጨርሳለሁ። ከዚህ ድንጋይም አንድ ቁራጭ ይስጡኝ፤ ምናልባት የዝግባ ዘመድ ነው፣ እናያለን።»

ዶክተሩ ሲሄድ ጥሩሰው እስከ መንገዱ ሸኘው፤ ከዚያ በሩጫ ያህል ተመለሰ። የሺመቤት የቀሚስ ጠርዝ ይዛ ተቀምጣለች። ለመሪያም ጨርቅ እንድታመጣ ነግራ ወደ ውጭ ልካታለች።

«ሰማሽው አይደል?» አለ። «እናሽገዋለን። ሰማታር ሳጥን ያገኝልናል። ባቡሩ እዚሁ ነው፣ አንድም ገጽ አይጎዳም።»

የሺመቤት መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «እኔ አልሄድም።»

«ለምን?»

«ጎባ ተከተልኩህ፣ ጅጅጋ ተከተልኩህ፣ እዚህም ተከትዬህ መጣሁ። አሁን ሥራዬ እዚህ ነው፤ ሰዉም እዚህ ነው።»

«አዲስ አበባ ልብስ የሚለብስ ሰው የለም?»

«አለ። እኔ ግን እንደገና ከሀ መጀመር አልፈልግም።»

ጥሩሰው ከመስኮቱ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። «ግማሹን መጽሐፍ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። እንዲህ ያለ ቀን እንዲመጣልኝ አልነበረም?»

የሺመቤት ቀና ብላ አየችው። ለረጅም ጊዜ ልትነግረው አስባ የተወችው ነገር ነበር። «አልነበረም» አለች። «እንዳትሄድ ነው ያመጣሁልህ።»

እሱ ቆመ።

«ሃዎ አሸዋው ላይ ግማሽ ቀን ተቀመጠ ያለችኝ ጊዜ ነው ያሰብኩት» አለች። «የሚያስቀምጥህ ነገር ካገኘን እዚህ እንኖራለን ብዬ።»

«እንደ ግመል አሰርሽኝ ማለት ነው።»

«አላሰርኩህም። እጅህን ይዤ አስቀርቼህ አላውቅም። ደስ ሲልህ አየሁ፣ ደስ የሚልህን አመጣሁ።»

«ለራስሽ ስትዪ።»

«ለራሴም ጭምር። አዎ።»

ጥሩሰው አንድ መጽሐፍ አውጥቶ ሳይገልጠው መልሶ ከተተው። «ንገሪኝ እስቲ። ከነዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ ወደሽ ታውቂያለሽ?»

መዋሸት ቀላል ነበር። የሺመቤት ግን አሰበች። «ሥዕሎቹን እወዳቸዋለሁ» አለች። «ከቀረው የማውቀው አቧራውን ነው።»

በዚያ ሳምንት ጥሩሰው ከመጻሕፍቱ ግማሽ ያህሉን፣ ይበልጥ የሚያስፈልጉትን እየመረጠ፣ ሰማታር ባመጣቸው ሳጥኖች አሸገ። ምርጫው አሠቃየው፤ ያሸገውን አውጥቶ በሌላ ይተካል፣ የተካውንም መልሶ ያወጣል። በመጨረሻ ሰማታር ተናዶ የሳጥኖቹን ክዳን በራሱ እጅ ቸነከረ። ለገሃር የሸኙት ሰማታርና የሺመቤት ናቸው። ባቡሩ ሲነሳ ጥሩሰው በመስኮቱ፣

«ትመጫለሽ» አላት።

«መንገዱን ታውቀዋለህ» አለችው።

አዲስ አበባ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራየ። ሳጥኖቹን አልጋው ሥርና ግድግዳው ጥግ ደረደራቸው። ሲመቸኝ እከፍታቸዋለሁ አለ። ሥራው የተመኘው ዓይነት ነበር። ጠዋት ያስተምራል፣ ከሰዓት ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። አዳራሹ ሰፊና ጸጥ ያለ ነው። የመጽሐፉን ስም ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ለሠራተኛው ይሰጣል፤ ሠራተኛውም ወደ ውስጥ ገብቶ ይዞለት ይወጣል። አንድ ቀን ስለ ጥድ ዘመዶች የተጻፈ፣ ሰማታር ለዓመታት ጅቡቲ ላይ ሲጠይቅለት ያጣውን ቅጽ ስም ጻፈ። ሠራተኛው ወዲያው አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረለትና ወደ ሌላ ሰው ሄደ።

ጥሩሰው መጽሐፉን አየው። ደስታ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። አንድ ገጽ አነበበ፤ ተነሳ፤ በኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሰ። ለማንም ይሄን አገኘሁ ብሎ የሚነግረው ነገር አልነበረም፤ መጽሐፉ ድሮም እዚያው ነበር። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። እግሩን በረደው።

ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ ኮሪደሩ ላይ ደጋግሞ ካገኘው በኋላ አንድ ቀን ቆመ። «አልተመቸዎትም፣ አቶ ጥሩሰው?»

«ተመችቶኛል» አለ ጥሩሰው። «ምቾቱ ነው መሰለኝ።»

ዶክተሩ አልገባውም፤ ቢሆንም አላስጨነቀውም። ጥሩሰው ስለ ድንጋዩ ሲጠይቀው ተሰንጥቆ እንዲታይ ወደ ውጭ አገር መላኩን፣ መልሱ ገና መሆኑን ነገረው። መልሱ በዚያ ዓመትም በሚቀጥለውም አልመጣም።

ለፋሲካ ዕረፍት ጥሩሰው አንድ ሻንጣ ይዞ ድሬዳዋ ወረደ። ግቢው በር ላይ ሲደርስ የስፌት መኪና ድምፅ ሰማ። ሲገባ መሪያም ተነስታ ሰላም አለችው። እሱ ግን ግድግዳውን እያየ ነበር። መደርደሪያዎቹ ሞልተዋል። ፈርኖቹ በነበሩበት አቡጀዴ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ጥዶቹ በነበሩበት ካኪ፤ ከላይ፣ አበቦቹ ቦታ ላይ፣ የሙሽራ ሐር።

«የተውኳቸውስ?» አለ፣ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ።

የሺመቤት ከጓዳው ወጥታ ሳመችው። ከዚያ ምንም ሳትል ወደ ጓዳው ወሰደችውና የትልቁን ሣጥን ክዳን አነሳች። መጻሕፍቱ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው፣ በመካከላቸው ትኩስ የኒም ቅጠል ገብቶባቸው ተቀምጠዋል።

«ያንተን አልጣልኩም» አለች። «መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ማየት ነው ያቃተኝ።»

ጥሩሰው ሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ሊናገር አስቦ ነበር፤ በባቡሩ ውስጥ መንገዱን በሙሉ ለራሱ ሲያጉረመርም ነው የመጣው። አሁን ግን አንዱን የኒም ቅጠል አንስቶ በጣቶቹ ያገላብጥ ጀመር። «እዚያ ሁሉም አለ» አለ በመጨረሻ። «የፈለግኩት ሁሉ አለ። ምን እንደምሠራበት ግን አላወቅኩም።»

«ከማን ጋር ትበላለህ?»

«ብቻዬን።»

«ቆመህ ነዋ» አለች የሺመቤት፤ ፈገግ ሊላት ሲል ዓይኗ እንባ ሞላ።

ዕረፍቱ ሊያልቅ ሲል ጥሩሰው ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ድሬዳዋ ለመመለስ ጠየቀ። ድሬዳዋ ቦታው በሌላ መምህር ተይዟል ተባለ። መልካ ጀብዱ ያለው ትንሽ ትምህርት ቤት ግን የሳይንስ መምህር የለውም። ሹሙ ብዕሩን ይዞ ቀና አለ፦ «ከአዲስ አበባ ወደ መልካ ጀብዱ? ሰው የሚለምነው በተቃራኒው ነው።» ጥሩሰው አውቃለሁ አለ። ዓመቱን ጨርሶ እንዲመለስ ተፈቀደለት።

ሐምሌ ላይ ሳጥኖቹ ለገሃር ደረሱ። ሰማታር ሊያወርድ መጥቶ አንዱን ክዳን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«መምህር፣ ይሄ እኔ የመታሁት ሚስማር ነው። አልከፈትከውም እንዴ?»

«ጊዜ አላገኘሁም።»

«ዓመት ሙሉ?» አለ ሰማታር። ከዚያ የሺመቤት እየሰማች መሆኑን አይቶ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረና በሶማልኛ ይጮህባቸው ጀመር።

ቤት ሲደርሱ ሌላ ጠብ ተነሳ። የሺመቤት ግድግዳዎቿን ሁሉ መልሳ ልትሰጥ አልፈለገችም። አንዱ ያንተ ነው፣ የቀረው የጨርቄ ነው አለች። ያልበቃውን ለመልካ ጀብዱ ልጆች ውሰድላቸው አለች። ጥሩሰው ጮኸ። የፈረንሳይኛውን ቅጽ የመንደር ልጅ ምን ያደርገዋል አለ። ሥዕሉን ያያል፣ እኔም ያን ነው ያደረግኩት አለችው። ሦስት ቀን ያህል መጻሕፍቱ መሬት ላይ ተዘርግተው፣ እሱ አንዱን ወደ ግድግዳው ሲያስጠጋ እሷ ወደ በሩ ስታስጠጋ፣ መሪያም በመካከላቸው ጨርቅ ይዛ እየዘለለች ሰነበቱ። የግሪኩን ከባድ ቅጽ እሷ ራሷ ወደ ግድግዳው መለሰችው። የማዳም ኦርታንስን መጻሕፍት በተመለከተ ደግሞ እሱ ረጅም ጊዜ አሰበና ግማሾቹን ወደ በሩ ገፋቸው።

ትምህርት በተከፈተ ሰኞ ማለዳ ወደ መልካ ጀብዱ የሚሄድ የጭነት መኪና ግቢው በር ላይ ቆመ። ጥሩሰው የመጀመሪያውን ሳጥን አስጫነ። ገመዱ ጥሩ አልታሰረም ብሎ አስፈታ፣ እንደገና አሳሰረ። ሾፌሩ ጎኑ እንዲቀመጥ ጠራው፤ እሱ ግን ኋላ ወጥቶ ሳጥኑን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

«ወድቆ ይሰበራል፣ ተቀመጥ በሉት» አለ ሾፌሩ ለየሺመቤት።

«አይሰማም» አለች የሺመቤት።

መኪናው አቧራ አስነስቶ ደቻቱን ተሻገረ። መሪያም በሩ ላይ ቆማ አየችውና፣

«ይለምደዋል ብለሽ ነው?» አለች።

«እንጃ» አለች የሺመቤት፣ ወደ ስፌቷ እየተመለሰች። «ማታ ይመጣል።»